የድርቅ ክፍያ ከኤፍ ኤስ ኤ (የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የገበሬ አገልግሎት ቢሮ)፦ ፍየልና በግ ለምናረባ ሰዎች ምን ይገባናል?

ማሩ_ቴክሳስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከፎርት ወርዝ በስተምዕራብ ባለ የገጠር ካውንቲ 200 ኤከር የግጦሽ መሬት ተከራይተን 60 እናት ፍየልና 40 እናት በግ እናረባለን። ዘንድሮ ሣሩ አርሯል፣ ኩሬው ደርቋል፤ ውሃ የምናመላልሰው በተጎታች ታንክ ነው። ካውንቲው በዩ ኤስ ዲ ኤ (በግብርና ሚኒስቴሩ) የአደጋ ቀጠና ተብሎ ታውጇል። ጎረቤቶቻችን የከብት አርቢዎች ክፍያ ሲጠብቁ እኛ ግን ደብዳቤ እንኳ አልደረሰንም። ቢሮ ስንደውል «የፋርም ቁጥራችሁ ስንት ነው?» አሉን። የለንም።

መሬቱን የተከራየነው በኤልኤልሲያችን (ኃላፊነቱ በተወሰነ ድርጅታችን) ስም ነው፤ እንስሶቹ የተገዙት በባለቤቴ ስም ነው። በሐምሌው ሙቀት ግልገሎች ሞተውብናል፤ ኮዮቴ (ቀበሮ መሰል አውሬ) የወሰደብንም አለ። ሃያ ያህል እናቶች ሳን አንጄሎ ጨረታ ወስደን ለመሸጥ እያሰብን ነው። የትኛው ነው የሚከፈለው? ከየት እንጀምር? ከመሸጣችን በፊት ማድረግ ያለብን ነገርስ አለ?

ጋሻው_ድርቆሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አዋጁንና ክፍያውን ለዪ። ካውንቲው የአደጋ ቀጠና ሲባል የሚከፈተው የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ነው፤ ከአዋጁ ቀን ጀምሮ በ8 ወር ውስጥ ይጠየቃል፣ ጣሪያው 500,000 ዶላር ነው። ለታክስም ይረዳል። የግጦሹ ክፍያ፣ ኤል ኤፍ ፒ የሚባለው፣ አዋጁን ከነጭራሹ አያይም። የሚያየው ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣውን የድርቅ ካርታ፣ ድራውት ሞኒተርን ነው። ካርታው እስከ ማክሰኞ ጠዋት ያለውን ይዞ ነው የሚወጣው። የካውንቲው አንድ ጥግ ብቻ ቀለሙ ቢቀየር ሙሉው ካውንቲ ይቆጠራል፤ የእናንተ መሬት በዚያ ጥግ መሆን የለበትም።

የድርቅ ደረጃዎቹ ዲ2 (ከባድ)፣ ዲ3 (በጣም ከባድ) እና ዲ4 (እጅግ የከፋ) ናቸው፤ ክፍያቸው እንዲህ ነው። ዲ2 በተከታታይ 4 ሳምንት ከቆየ የአንድ ወር ክፍያ ነው፤ ከ8 ተከታታይ ሳምንት ውስጥ 7ቱን ከቆየ ሁለት ወር። ይህ በ2025 የወጣው ሕግ ያመጣው ለውጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ዲ2 8 ተከታታይ ሳምንት ካልቆየ ምንም አልነበረም፣ ስለዚህ የድሮ ጽሑፍ እያነበባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ዲ3 አንድ ጊዜ እንኳ ከታየ ሦስት ወር። ዲ3 4 ሳምንት ከቆየ ወይም ዲ4 ከታየ አራት ወር። ዲ4 4 ሳምንት ከሞላ አምስት ወር፤ ከዚያ በላይ የለም። ይህ ሁሉ የሚቆጠረው ለዚያ የሣር ዓይነት በተወሰነው የግጦሽ ወቅት ውስጥ ነው። ለክረምት ግጦሽ የተዘራ ስንዴ ወቅቱ ሌላ ነው፤ የበጋ ድርቅ ለፓስቸሩ ሲያስከፍል ለስንዴው ላያስከፍል ይችላል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ስሌቱ ላይ ነው። የሚከፈለው ከሁለት ቁጥሮች የሚያንሰው 60 በመቶ ነው፦ አንደኛው የእንስሶቻችሁ የወር መኖ ወጪ፣ ሁለተኛው መሬቱ ሊሸከም የሚችለው የእንስሳት ብዛት ሲሰላ የሚወጣው። መነሻው አንዲት ትልቅ የሥጋ ላም ናት፤ በቀን 15.7 ፓውንድ በቆሎ ተብላ ትሰላለች። በ30 ቀን 471 ፓውንድ፣ ማለትም 8.41 ቡሼል (የእህል መስፈሪያ) ነው። አንድ ፍየል ወይም በግ የላሟ ሩብ ነው። ስለዚህ የእናንተ 100 ራስ 25 ላም ማለት ነው።

የበቆሎ ዋጋ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ያህል ቡሼሉን 5 ዶላር እንበለው። አንድ ላም በወር 42.05፣ 60 በመቶው 25.23 ዶላር። ለ25 ላም 630.75፣ ለአራት ወር 2,523 ዶላር። ግን መሬቱስ? ካውንቲው ለተፈጥሮ ሣር አንድ ላም 20 ኤከር ይፈልጋል ብሎ ቢወስን፣ 200 ኤከር የሚሸከመው 10 ላም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ክፍያው በ10 ይሰላል፤ በወር 252.30፣ በአራት ወር 1,009.20። ያው መሬት በርሙዳ የሚባል ሣር የተዘራበት የለማ ፓስቸር (የግጦሽ መስክ) ቢሆንና መስፈርቱ 8 ኤከር ቢሆን ሙሉውን 25 ላም ይሸከማል። እንግዲህ የሣሩን ዓይነት በትክክል ማስመዝገብ የዚህን ያህል ልዩነት አለው። ለካውንቲያችሁ የወጣውን የኤከር መስፈርት ቢሮው ያሳያችኋል፤ ጠይቁ። ከሚወጣው ላይ ደግሞ ሲከስትሬሽን የሚሉት የፌዴራል ቅነሳ አለ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ከመሬቱ ባለቤት ጀምሩ። ብዙ ጊዜ መሬቱ ኤፍ ኤስ ኤ ዘንድ የፋርምና የትራክት (የቁራሽ መሬት) ቁጥር አለው፤ የተመዘገበው በባለመሬቱ ነው። እናንተ የምትፈልጉት በዚያ ቁጥር ላይ ኦፕሬተር (መሬቱን የሚሠራበት ሰው) ተብሎ መጨመርን ነው፤ ለዚያ የተፈረመ የኪራይ ውል ይበቃል። ከዚያ ቢሮው የሚያስሞላችሁ ኤዲ-2047 (የደንበኛ መረጃ)፣ ሲሲሲ-902 (ማን ምን እንደሚያዋጣ)፣ ኤልኤልሲ ከሆነ ሲሲሲ-901 (አባላቱ)፣ ሲሲሲ-941 (የገቢ ጣሪያ፤ የሦስት ዓመት አማካይ ከ900,000 ዶላር መብለጥ የለበትም)፣ ኤዲ-1026 (የአፈርና የረግረግ ጥበቃ)፣ የባንክ ቅጽ ኤስኤፍ-3881 ናቸው። ማመልከቻው ራሱ ሲሲሲ-853 ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን የመሬት ሪፖርቱ፣ ኤፍኤስኤ-578። ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ታትሞ ሲሰጣችሁ ሳትፈርሙ የታሰበ ጥቅም የሚለውን ዓምድ እዩ፤ ጂዜድ መሆን አለበት፣ ግጦሽ ማለት ነው። ኤፍጂ ተብሎ ከተጻፈ ለድርቆሽ የሚታጨድ ማለት ነው፤ ድርቆሽ የሚታጨድ መሬት በኤል ኤፍ ፒ አይከፈልም። ዘንድሮ አንዱን መስክ አጭዳችሁ ሌላውን ካበላችሁበት ለየብቻ ይመዝገብ። ቀኑ ካለፈ ክፍያ ተከፍሎ ዘግይቶም ይመዘገባል፤ ሣሩ መሬቱ ላይ ስላለ ሄደው ማየት ይችላሉ።

አሁን የእናንተ ችግር፦ መሬት በኤልኤልሲ፣ ፍየል በባል። ፕሮግራሙ እንስሳውም የግጦሽ መሬቱም የአንድ አመልካች እንዲሆን ይፈልጋል። እንዳለ ካመለከታችሁ ኤልኤልሲው እንስሳ የለውም፣ ባለቤትሽ መሬት የለውም። የባንክ ሂሳቡን እዩ። የፍየሎቹ ገንዘብ ከኤልኤልሲው ሂሳብ ወጥቶ የሽያጭ ደረሰኙ ብቻ በግል ስም ተጽፎ ከሆነ፣ ክፍያውንና የታክስ መዝገቡን ይዛችሁ ለቢሮው አስረዱ። በእውነት የግሉ ከሆኑ ከአሁን ጀምሮ በጽሑፍ አስተካክሉ። ቀኑን ወደኋላ አድርጎ ውል መጻፍ ግን ማጭበርበር ነው፤ በፍጹም።

ሌላም አለ። ኪራዩ በኤከር ወይም በዓመት በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ነው ወይስ እንስሳው በጨመረው ክብደት? በክብደት ጭማሪ የሚታሰብ ኪራይ አይቆጠርም። እንስሶቹም ድርቁ መስፈርቱን ማሟላት ከጀመረበት ቀን በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ በእጃችሁ የነበሩ መሆን አለባቸው፤ ድርቁ ከጀመረ ወዲህ የገዛችሁት አይገባም።

የሳንአንጄሎ_ልጅ፦

ጋሻው ኤል ኤፍ ፒን ጨርሶታል። እኔ ስለ ሞቱት፣ ስለ ውሃውና ስለ ሽያጩ ልጨምር።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ወይዘሮ ማሩ፣ በድርቅ ምክንያት የሸጡት እንስሳም ይቆጠራል፤ ግን በ80 በመቶ። ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት በድርቅ የተሸጠም ይገባል። ስለዚህ የጨረታውን ወረቀት አይጣሉ፦ ቀን፣ ብዛት፣ ዓይነት፣ የሻጭ ስም። የሻጭ ስም በኤልኤልሲው ነው የሚጻፈው ወይስ በባለቤትዎ? ጋሻው ያነሳው ችግር እዚህም ይመለሳልና ጨረታው ቦታ ከመድረሳችሁ በፊት ወስኑ። ከመሸጣችሁም በፊት መንጋውን በሙሉ ቆጥራችሁ፣ የጆሮ መለያ ቁጥሩን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ።

የሞቱት ግልገሎች በሌላ ፕሮግራም ነው የሚታዩት፣ ኤል አይ ፒ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድርቅ ራሱ ለኤል አይ ፒ ምክንያት አይሆንም። «በረሃብና በድርቅ ሞቱ» ብሎ የጻፈ ሰው በገዛ ብዕሩ ማመልከቻውን ይዘጋል። ከባድ ሙቀት፣ ከባድ ብርድ፣ ጎርፍ፣ የሰደድ እሳት፣ አውሎ ነፋስ ይቆጠራሉ። በሙቀት ከሞቱ የትኛው ቀን፣ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ግልገል እንደሆነ ይጻፍ፤ ሞቱም ክስተቱ ካበቃ በ60 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። በእውነት በመኖ እጥረት ከሆነ ደግሞ ሙቀት ነው አይበሉ፤ የእንስሳት ሐኪሙ መዝገብ ያጋልጣል።

የሚከፈለውም ከተለመደው ሞት በላይ ለሆነው ብቻ ነው። ግዛቱ ለየዓይነቱ የተለመደ የሞት መቶኛ አውጥቷል። ለምሳሌ 5 በመቶ ቢሆን፣ 80 ግልገል ተወልዶ 12 ቢሞት፣ 4ቱ የተለመደ ተብለው ይቀነሳሉ፣ 8ቱ ይከፈላሉ። ክፍያው ከአማካይ የገበያ ዋጋ 75 በመቶ ነው። ስለዚህ ስንት እንደተወለደ ማሳየት ካልቻላችሁ የስንቱ መቶኛ ይሰላል? የውልደት ደብተር የሌለው ፍየል አርቢ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የእናቲቱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ መንታ ከሆነ መንታ እያሉ በተራ ደብተር ይጻፉ፤ እስክሪብቶው ሳይደርቅ በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ ፎቶው ቀን ይይዛል። የሬሳ ፎቶም እንዲሁ፤ ከቀበሩ በኋላ ማስረጃ የለም።

ኮዮቴውን ይርሱት። ኤል አይ ፒ የሚከፍለው የፌዴራል መንግሥት ወደ ዱር የመለሳቸው ወይም በፌዴራል ሕግ የሚጠበቁ እንስሳት ላጠቁት ነው፤ ኮዮቴና የባዘነ ውሻ አይገቡም። ተኩላ ይገባል፣ በፌዴራል ሕግ የሚጠበቁ አዳኝ ወፎችም ይገባሉ። አዲስ የተወለደ ግልገል ዓይኑ ተነቅሎ ካገኛችሁ ጥቁሩ ጥንብ አንሳ ሊሆን ስለሚችል ሬሳውን ሳታነሱ ቅርብ ፎቶ አንሱ። በ2025 ሕግ መሠረት ለአዳኝ ጥቃት ክፍያው ወደ ሙሉ የገበያ ዋጋ ከፍ ብሏል። የኤል አይ ፒ ማመልከቻ ሲሲሲ-852 ሲሆን የመጨረሻ ቀኑ የሚቀጥለው ዓመት ማርች 1 ነው። ለግጦሹ ክፍያ ግን የዓመቱን ማብቂያ አትጠብቁ፤ ከዲሴምበር በፊት ጨርሱት።

ውሃው የሚታየው ኢላፕ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ካውንቲው ዲ3 ከገባ ውሃ የማመላለሻ ወጪ ይታሰባል፤ የውሃው ዋጋ ግን አይታሰብም። መንገዱና ጉልበቱ ብቻ፣ እስከ 150 ቀን። ሁልጊዜም ውሃ የሚመላለስበት መሬት ከሆነ አይከፈልም፤ ኩሬው በደህናው ዓመት ያጠጣ እንደነበር ማሳየት አለባችሁ። መዝገቡ ቀን፣ ስንት ጋሎን፣ ከየት፣ በራሳችሁ መኪና ወይስ በኪራይ የሚል ይሁን። ታንኩ 500 ጋሎን ከሆነ «500 × 2» ብሎ በየቀኑ መጻፍ ይበቃል። በወሩ መጨረሻ ከጭንቅላት አውጥቶ መሙላት ያስታውቃል፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ማን ያምናል?

ድርቆሽ ከሩቅ የምታስመጡ ከሆነ የማጓጓዣውም ወጪ በኢላፕ ይጠየቃል፤ የመጀመሪያው 25 ማይልና ከ1,000 ማይል በላይ ያለው አይታሰብም። የድርቆሹ ዋጋ አይመለስም። የውሃውም የማጓጓዣውም ክፍያ በመሠረቱ 60 በመቶ ነው፤ ለጀማሪ ገበሬና መስፈርቱን ለሚያሟላ የቀድሞ ወታደር ገበሬ 90 ይደርሳል። ጀማሪ ማለት 10 ዓመት ያልሞላው ነው፤ ሲሲሲ-860 ሙሉ።

ማሩ_ቴክሳስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ኪራዩ በዓመት በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ግን ውሉ የቃል ነው፣ ለባለመሬቱ በቼክ ነው የምንከፍለው። እንስሶቹም የተገዙት ከኤልኤልሲው ሂሳብ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ብቻ ነው የባለቤቴ ስም ያለው። ሳሩ የተፈጥሮ ሣር ነው፣ ቁጥቋጦ ይበዛበታል።

ጋሻው_ድርቆሽ፦

እንግዲያውስ ደህና ናችሁ። ባለመሬቱ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ይህን ያህል ኤከር፣ በዓመት ይህን ያህል ዶላር ለዚህ ኤልኤልሲ አከራይቻለሁ» ብሎ በዛሬው ቀን ይፈርም፤ የነበረውን የቃል ውል ማረጋገጥ ነው፣ ቼኮቹም ይመሰክራሉ። የኤልኤልሲውን የባንክ ወረቀት ከፍየሎቹ ደረሰኝ ጋር አያይዙ። ቁጥቋጦ ስለሚበዛበት ግን ሙሉው 200 ኤከር እንደ ግጦሽ ላይቆጠር ይችላል፤ ካርታው ላይ የተሰመረውን ኤከር ከውሉ ጋር አስተያዩ።

ቢሮ በሄዳችሁ ቁጥር የአገልግሎት ደረሰኝ ጠይቁ። ምን እንደጠየቃችሁና ምን እንደተባላችሁ የሚጻፍበት ወረቀት ነው፤ «ያን ቀን አልመጣችሁም» ከተባለ እሱን ታወጣላችሁ።

ጤፍ_በአይዳሆ፦

ይህ ክር የእንስሳት ቢሆንም ሰብል ላላችሁ ሰዎች በአጭሩ፦ ጤፍ የፌዴራል የሰብል ኢንሹራንስ በሌለበት ካውንቲ ናፕ በሚባለው ይሸፈናል። ናፕ ግን እንደ ኤል ኤፍ ፒ አደጋው ሲደርስ የሚጠየቅ አይደለም፤ አስቀድሞ ይገዛል። ለአንድ ሰብል 325 ዶላር፣ በአንድ ካውንቲ ላሉት ሰብሎች ሁሉ ቢበዛ 825። ለጀማሪ ገበሬና ለቀድሞ ወታደር ክፍያው ይቀራል። መሠረታዊው ሽፋን ከ50 በመቶ በላይ ለጠፋው ምርት በአማካይ ዋጋ 55 በመቶ ይከፍላል፤ ይህ ትንሽ ነው፣ እውነት ለመናገር። ተጨማሪ ፕሪሚየም ከፍሎ እስከ 65 በመቶ ምርትና ሙሉ ዋጋ ማድረስ ይቻላል።

የሚበላሸው በማስታወቂያው ቀን ነው። ጉዳቱ በደረሰ ወይም በታወቀ በ15 ቀን ውስጥ ሲሲሲ-576 መግባት አለበት፤ በእጅ ለሚለቀም አትክልት 72 ሰዓት ነው። ጤፉ ገና በቡቃያው ከተቃጠለ ገምጋሚ ሳያየው እንዳታርሱት። አርሶ ማሽላ የዘራ ሰው የጤፉን ገንዘብ አጣ ማለት ነው።

ለፍየሎቹ ደግሞ ለከርሞ ፒ አር ኤፍ የሚባለውን የዝናብ ኢንሹራንስ እዩት። በኢንሹራንስ ወኪል በኩል ነው የሚገዛው፤ የመጨረሻ ቀኑ ዲሴምበር 1። ማንም መጥቶ ሣር አያይም፤ በመረጣችሁት ሁለት ወር የአካባቢው ዝናብ ከአማካዩ አንጻር ከመረጣችሁት የሽፋን መቶኛ በታች ከወረደ ይከፍላል። በእናንተ መሬት ዘንቦ በጎረቤት ካልዘነበ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ቅሬታ አይሰማም፤ የሚታየው መሬታችሁ ያለበት የካርታ ካሬ ዝናብ ነው። ከኤል ኤፍ ፒ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሒሳብ_ሹሙ፦

ታክሱን ማንም ስላላነሳው። ከዩ ኤስ ዲ ኤ የሚመጣው ክፍያ 1099-ጂ የሚባል የታክስ ቅጽ ይላክበታል፤ ኤልኤልሲያችሁ አንድ አባል ብቻ ካለው ሼጁል ኤፍ (የእርሻ ገቢ ቅጽ) ላይ የመንግሥት ክፍያ በሚለው መስመር ይገባል። ባልና ሚስት ሁለቱም አባል ከሆናችሁ አመዘጋገቡ ስለሚለይ የግብር ባለሙያችሁን ጠይቁ።

የአደጋ ቀጠናው አዋጅ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ዘወትር በዓመት 30 ራስ የምትሸጡ ከሆነና በድርቁ 50 ብትሸጡ፣ ከዘወትሩ በላይ የሆነውን የ20 ራስ ገቢ ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ግብርና ዋና ሥራችሁ መሆን አለበት፣ ሂሳባችሁም በጥሬ ገንዘብ ዘዴ። ለእርባታ የያዛችኋቸው እናቶች ከሆኑ ደግሞ ትርፉን ታክስ ሳትከፍሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ እናት ፍየል መግዛት ይቻላል፤ አዋጁ ባለበት ቦታ እስከ አራት ዓመት ይረዝማል። ለሥጋ የያዛችሁት ሙክት በዚህ አይገባም። ለዚህ ነው የጨረታው ወረቀት ላይ እናት፣ ሙክትና ግልገል ተለይተው መጻፍ ያለባቸው።

የኤፍ ኤስ ኤ የካውንቲ ኮሚቴ ማመልከቻችሁን ካልተቀበለ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ ደግመው እንዲያዩት ወይም ለብሔራዊው ይግባኝ ክፍል ለማቅረብ ያላችሁ 30 ቀን ነው። በስልክ «ይታያል» መባል ቀኑን አያቆመውም፤ በጽሑፍ፣ ፈርማችሁ አስገቡ።